ውሃና ኮረንቲ በፈረስ ጋጣ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጠርዝ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ዳርቻዎችና ከዚያ ወዲያ ወደ ገላንና ወደ ዱከም በሚወስዱት የውስጥ መንገዶች፣ ፈረስ ከሥራ ገና አልወጣም፤ በጋሪ ተጠምዶ ሰውና እህል፣ አሸዋና ብሎኬት፣ አንዳንዴም ውሃ የተሞሉ ጀሪካኖች ያመላልሳል፤ ሲመሽም በቆርቆሮ በታጠረ ጠባብ ጋጣ ወይም በሜዳ ላይ በካስማ ታስሮ ያድራል። ይህ ትምህርታዊ ዝግጅት የሚመለከተው ፈረስ በሚያድርባቸው ግቢዎች ሊገቡ የሚችሉ ሁለት መሣሪያዎችን ሲሆን፣ አንደኛው ፈረሱ በጠጣ መጠን ራሱን በራሱ የሚሞላው የውሃ ገንዳ፣ ሁለተኛው ደግሞ የኤሌክትሪክ አጥር ነው። ሁለቱም ድካም ይቀንሳሉ፤ ሆኖም ሁለቱም ሰው በየዕለቱ በፈረሱ ላይ የሚያሳርፈውን ዓይን ያነሣሉ፤ በአንድ ግቢ ሲገጠሙም ውሃና ኮረንቲን ጎረቤት ስለሚያደርጉ፣ አገጣጠማቸው ከዋጋቸው ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል።

በመጀመሪያ ፈረስ ምን ያህል ውሃ እንደሚያስፈልገው ማወቅ ተገቢ ነው። ሥራ ያልዋለና አየሩ ያልከበደው ፈረስ በየ100 ኪሎ ግራም ክብደቱ በቀን 5 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ ስለዚህ 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን የደጋ ፈረስ በዕረፍት ቀኑ 12 ወይም 13 ሊትር ሲበቃው፣ በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ጋሪ ሲጎትት የዋለው ግን የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ምግቡ እንደ ጭድና ድርቆሽ ያለ ደረቅ ነገር ሲሆን ፍላጎቱ ይጨምራል፤ ውሃ ያጠረው ፈረስ አንጀቱ ውስጥ ያለው ገለባ ደርቆ ይጠቀጠቅና ቁርጠት ያስከትልበታል፣ የፈረስ ቁርጠት ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል የሚችል በሽታ ነው። ፈረሱ ውሃ እንደጎደለው ለማወቅ የአንገቱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጦ መልቀቅ ይቻላል፤ ቆዳው ወዲያው ወደ ቦታው ካልተመለሰና ድዱ ሲነካ ደረቅና የሚያጣብቅ ከሆነ ፈረሱ ተጠምቷል። የድዱ ቀለምም ይመሰክራል፤ ድዱን በጣት ተጭነው ሲለቁት የነጣው ቦታ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ወደ ሮዝነቱ መመለስ ይኖርበታል።

ፈረስ በላብ ተጠምቆ ሳለ ውሃ ከጠጣ ይታመማል የሚለው እምነት በባለጋሪዎች ዘንድ ብቻ ሳይሆን በውጭ አገር ፈረሰኞችም ዘንድ ለረጅም ዘመን የቆየ ቢሆንም፣ በስፖርት ፈረሶች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች አልደገፉትም። ከሥራ የተመለሰ ፈረስ ጥቂት ጥቂት እያለ፣ በየመካከሉ እየተንሸራሸረ ቢጠጣ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ከጠዋት እስከ ማታ ተጠምቶ ውሎ በመጨረሻ አንድ ባልዲ ብቻ የሚሰጠው ነው።

የውሃው ምንጭ በቃሊቲ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ሲወርዱ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተሸክመው ስለሚመጡ፣ ከእነርሱ ፈረስ ማጠጣት በአካባቢው የተለመደ ቢሆንም የሚመከር አይደለም። በቆመ ኩሬና በቀስታ በሚፈስ ቦይ ደግሞ አልቅት አለ፤ ፈረሱ አፉን ሲነክር አልቅቱ በአፍንጫው ወይም በጉሮሮው ይጣበቅና ደም ይመጥጣል፣ ባለቤቱም ነገሩን የሚያውቀው ከአፍንጫው ደም ሲንጠባጠብ ካየ በኋላ ነው። የቧንቧ ውሃ ከሁሉም ይሻላል፤ ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ ውሃ በብዙ ሰፈሮች በፈረቃ የሚመጣ በመሆኑ ገንዳውን ከቧንቧው ጋር በቀጥታ ማገናኘት ፈረሱን በፈረቃ ማጠጣት ማለት ይሆናል። ስለዚህ በገንዳውና በቧንቧው መካከል ማጠራቀሚያ፣ በተለምዶ ሮቶ የሚባለው የፕላስቲክ ታንከር፣ መግባት አለበት። በኢንዱስትሪ ሰፈር ርካሽ በርሜል በቀላሉ ስለሚገኝ፣ ብዙ ሰው ቀለም ወይም ኬሚካል ወይም ነዳጅ የነበረበትን በርሜል ለሁለት ቆርጦ ገንዳ ያደርጋል፤ ይህ በምንም ዓይነት እጥበት የማይስተካከል ስህተት ከመሆኑም በላይ፣ የተቆረጠው የቆርቆሮ ጠርዝ ካልታጠፈ የፈረሱን ከንፈርና ጉልበት ይቆርጣል።

ራሱን የሚሞላ ገንዳ በሁለት መልክ ይሠራል። በአንደኛው፣ በሽንት ቤት የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ተንሳፋፊ ኳስ ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ እያለ መግቢያውን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ በሁለተኛው ደግሞ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያለውን ምላስ መሰል ብረት ፈረሱ በአፍንጫው ሲጫን ውሃው ይለቀቃል። ለፈረስ የሚመረጠው የመጀመሪያው ነው። ፈረስ ውሃን የሚጠጣው ከንፈሩን ገጥሞ በመሳብ ነው፤ ሲጠጣ በጥሞና የሚመለከት ሰው በእያንዳንዱ ጉንጭ ጆሮዎቹ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲወዘወዙ፣ በአንገቱ የግራ ጎን ሥርም ውሃው እንደ እብጠት ሲወርድ ያያል። እንዲህ ባለ ረጅም ስበት የሚጠጣ እንስሳ በቀጭኑ የሚንጠባጠብ ሳህን ሲቀርብለት ቶሎ ይተወዋል። በስዊድን የተካሄዱ ጥናቶችም ፈረሶች ምርጫ ሲሰጣቸው ከአውቶማቲክ ሳህን ይልቅ ከባልዲ መጠጣትን እንደሚመርጡ አረጋግጠዋል። እዚህ ላይ ቧንቧ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር አለ፤ ሮቶው ከገንዳው በላይ በተቀመጠበት በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ የሚገኘው ግፊት የአንድ ባር አሥረኛ ብቻ ስለሆነ፣ ለከተማ ቧንቧ ግፊት የተሠራ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ተንሳፋፊ መዝጊያ ከሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ሮቶ ጋር ሲገጠም ውሃው በጭንቅ ይወርዳል። ስለዚህ መዝጊያው ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ፣ ቱቦውም ሰፋ ያለ መሆን አለበት፤ ኳሱና መዝጊያውም ፈረሱ በጥርሱ እንዳይደርስባቸው በክዳን መሸፈን አለባቸው።

በውጭ አገር ስለዚህ መሣሪያ የሚጻፍ ምክር ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ውሃው በብርድ ወቅት በረዶ እንዳይሆን ገንዳው ውስጥ የሚገባውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በጥቂቱ ከፍ ብላ በምትገኘው በቃሊቲ የቧንቧ ውሃ በረዶ ስለማይሆን፣ ከውጭ ማሞቂያ ያለበት ገንዳ ገዝቶ ማስገባት በገንዘብ አደጋ መግዛት ነው። ከፍ ካለ ሮቶ በራሱ ክብደት በሚወርድ ውሃ የሚሠራ ገንዳ አንድም ሽቦ አያስፈልገውም፤ መብራት ቢጠፋም አይቆምም። ለዚህ አካባቢ ትክክለኛው አሠራርም ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ችግር መሣሪያው ከመሥራቱ የሚመነጭ ነው። ባልዲ ይዞ የሚያጠጣ ሰው ፈረሱ እንደወትሮው አለመጠጣቱን በዚያው ደቂቃ ያያል፤ ገንዳው ሁልጊዜ ሙሉ ሲሆን ግን ፈረሱ ስለጠገበ ይሁን ስለታመመ፣ ወይም መዝጊያው ተጣብቆ ውሃው የትናንት ስለሆነ፣ ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ በሮቶው ጎን ከላይ እስከ ታች በቀለም መስመሮች ተሠርተው ውሃው ማታና ጠዋት የደረሰበት መስመር ቢታይ፣ ወይም በቱቦው ላይ ትንሽ ቆጣሪ ቢገጠም፣ ፈረሶቹ የጠጡት መጠን በየቀኑ ይታወቃል። ብዙ ፈረሶች በአንድ ገንዳ በሚጠጡበት ግቢ ይህ አይበቃም፤ ኃይለኛው ደካማውን ከውሃው ስለሚያባርር ሁለት ገንዳዎች ተራርቀው መቀመጥ አለባቸው። ማጽዳቱም በሳምንት አንድ ጊዜ በብሩሽ፣ ፉርሽካ ወይም ፋጉሎ የሚበሉ ፈረሶች ካሉ ደግሞ ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ከምግብ ላይ መጥተው አፋቸውን ሲነክሩ የሚተዉት ፍርፋሪ በሁለተኛው ቀን ይቦካልና።

ከገንዳው ሥር የሚንጠባጠብ ውሃ እንደ ትንሽ ነገር ይቆጠራል። ነገር ግን የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውና በኢትዮጵያ ሥር የሰደደው ገዳይ ሕመም ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚተላለፈው በእርጥብ ጭቃና በበሰበሰ ፋንድያ ውስጥ በሚራቡ በጣም ደቃቅ ነካሽ ነፍሳት አማካይነት ስለሆነ፣ በገንዳው ዙሪያ ያለ የማይደርቅ ጭቃ በራስ ግቢ ውስጥ እነዚህን ነፍሳት ማርባት ነው። ክትባቱ የሚመረተው በቢሾፍቱ ነው፤ ክትባት የወሰደ ፈረስም ቢሆን በጭቃ መሐል መቆም የለበትም። ስለዚህ ገንዳው ተዳፋት ባለውና ድንጋይና ጠጠር በተነጠፈበት ቦታ መቀመጥ አለበት። በጋራ ገንዳ የሚዛመት ሌላም በሽታ አለ፤ በሐኪሞች አጠራር ስትራንግልስ የሚባለው፣ በመንጋጋ ሥር ያሉትን ዕጢዎች አሳብጦ መግል የሚያስቋጥረው ሕመም በአፍንጫ ፈሳሽ አማካይነት ውሃው ውስጥ ስለሚገባ፣ አዲስ የተገዛ ፈረስ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት በራሱ ባልዲ ቢጠጣ ይመረጣል።

የኤሌክትሪክ አጥር በአዲስ አበባ በይበልጥ የሚታወቀው በመኖሪያ ግቢ ግንብ አናት ላይ ነው። ለእንስሳት የሚሠራውም በመርህ ደረጃ ተመሳሳይ ነው። ምት ሰጪ የሚባለው መሣሪያ ከባትሪ፣ ከፀሐይ ኃይል ወይም ከቤት ሶኬት የተቀበለውን ኃይል አጠራቅሞ፣ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ያለው ነገር ግን እጅግ አጭር የሆነ ምት ወደ ሽቦው ይልካል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ባወጣው ደረጃ መሠረት በሁለት ምቶች መካከል ቢያንስ አንድ ሴኮንድ ማለፍ አለበት፤ እያንዳንዱ ምት ከአንድ ሴኮንድ መቶኛ መብለጥ የለበትም፤ ሽቦውን በነካው አካል ላይ የሚደርሰው ጉልበትም ከ5 ጁል አይበልጥም። ደኅንነቱ ያለው ቮልቱ ትንሽ በመሆኑ ሳይሆን በምቱ አጭርነትና በምቶቹ መካከል ባለው ዕረፍት ነው፤ የተነካው ሰው ወይም ፈረስ በዚያች አንድ ሴኮንድ ራሱን ማራቅ ይችላል።

ይህን ያልተረዱ ሰዎች የሚፈጽሙት ከሁሉ የከፋው ስህተት ከሶኬት የመጣውን የ220 ቮልት ኮረንቲ በቀጥታ ከአጥር ሽቦ ጋር ማገናኘት ነው። የቤት ኮረንቲ ዕረፍት የለውም፤ በሴኮንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ ጡንቻን ስለሚያኮማትር የነካው እጅ ሊላቀቅ አይችልም፤ ልብንም ሊያቆም ይችላል። 8,000 ቮልት ያለው ትክክለኛ የእንስሳት አጥር አስደንግጦ ሲተው፣ 220 ቮልት የተለቀቀበት ሽቦ ልጅም ፈረስም ይገድላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ሌባ ለመከላከል ነው ቢልም የሚጠብቀው በሰው ሕይወት መጥፋት መጠየቅ ነው።

አጥሩ የሚሠራው ምቱ በሽቦው ሄዶ፣ በፈረሱ አካል አልፎ፣ በመሬት በኩል ወደ ምት ሰጪው ሲመለስ ነው። ስለዚህ መሬት የዚህ መሣሪያ ግማሽ አካል ነው፤ የቃሊቲ አፈር ደግሞ በዚህ ረገድ አስቸጋሪ ነው። በአቃቂ ሜዳ በስፋት የሚገኘው መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በክረምት ምሰሶዎቹን ያዘነብላቸዋል፣ ሽቦውም ይረግባል፤ በበጋ ደግሞ ከተቀበሩት የብረት ዘንጎች ስለሚለያይ ምቱ መመለሻ አጥቶ አጥሩ ባዶ ሽቦ ይሆናል፣ ፈረሱም ይህን ቶሎ ያውቃል። እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር የሚረዝሙ ቢያንስ ሦስት ዝገት የማይበላቸው ዘንጎች፣ በሦስት በሦስት ሜትር ርቀት፣ እርጥበት በሚቆይበት ቦታ መቀበር አለባቸው፤ በበጋም ሥራቸውን አልፎ አልፎ ውሃ ማጠጣት ይረዳል። ምት ሰጪውን ከአጥሩ ጋር ለማገናኘት ተራ የቤት ሽቦ በመሬት ውስጥ መቅበርም አይበጅም፤ የዚያ ሽቦ ሽፋን የተሠራው ለጥቂት መቶ ቮልት ስለሆነ ሺዎቹ ቮልት በአፈሩ ይባክናሉ። በክረምት የሚያድገው ሣርና ሙጃ ሽቦውን ሲነካ እንዲሁ ምቱን ስለሚያፈስ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም በአጥሩ ሥር ማጨድ የሳምንት ሥራ ነው።

ቃሊቲ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ያለባት በመሆኗ ከፍተኛ ኃይል የተሸከሙ መስመሮች በሜዳዋ ላይ ያልፋሉ፤ በመስመሮቹ ሥር ያለው ባዶ መሬትም ለግጦሽ የሚያጓጓ ነው። ሆኖም ከእነዚህ መስመሮች ጎን ለጎን የተዘረጋ ረጅም የአጥር ሽቦ፣ ከምንም ነገር ጋር ሳይገናኝ፣ በአየር ብቻ ኮረንቲ ሊያድርበት ይችላል። ስለዚህ አጥሩ በመስመሩ ሥር ባያልፍ ይመረጣል፤ ማለፉ ግድ ከሆነም በአጭሩ ቀጥ ብሎ አቋርጦ እንጂ ተከትሎት መሄድ የለበትም። ነጎድጓድ ሲጀምርም ምት ሰጪውን ከሶኬቱም ከአጥሩም መንቀል ያስፈልጋል።

ለፈረስ የሚዘረጋው ሽቦ መታየት አለበት። ፈረስ ቀጭን ሽቦን እየሮጠ አያየውም፤ ስለዚህ የብረት ክር የተጠለፈበት ሰፊ ነጭ ጥብጣብ ይመረጣል። እሾሃማ ሽቦ ላይ ምት መልቀቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የተጠላለፈበት ፈረስ ማምለጥ ሳይችል በየሴኮንዱ ይመታልና። ሽቦ የቀደደው ቁስልም በቁስልነቱ አይቀርም፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው ቲታነስ የሚገባው በዚህ በኩል ነው፤ በኢትዮጵያ መካከለኛ ከፍታ ባላቸው ከተሞች የጋሪ ፈረሶችን እግርና አንገት በተሰለፉ እባጮችና ቁስሎች የሚሸፍነው፣ ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባለው የሻጋታ በሽታም እንዲሁ የሚጀምረው ከተከፈተ ቆዳ ነው። አዲሱን ፈረስ ከአጥሩ ጋር ማስተዋወቅ ያለበት በቀን ብርሃን፣ በጠባብ መስክ፣ ከጋሪው ተፈትቶ ነው፤ አፍንጫውን ጎትቶ ሽቦው ላይ ማሳረፍ ፈረሱ አጥሩን ሳይሆን ሰውየውን እንዲፈራ ያስተምረዋል።

ሁለቱ መሣሪያዎች የሚገናኙበት ቦታ የዚህ ዝግጅት ዋና ጉዳይ ነው። የአጥሩ የመሬት ዘንግ ከብረት የውሃ ቱቦ ወይም ከቤቱ የመሬት ሽቦ አጠገብ ከተቀበረ፣ ምቱ ወደ ምት ሰጪው የሚመለሰው በቱቦውና በገንዳው በኩል ሊሆን ይችላል፤ የተበላሸ የውሃ ፓምፕም እንዲሁ ኮረንቲ ወደ ውሃው ያፈስሳል። ሰው ጎማ ጫማ አድርጎ እጁን ቢነክር ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ፈረስ ግን በአራት እግሩ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ፣ እርጥብ አፍንጫውን ውሃው ውስጥ ስለሚያስገባ፣ አንዳንዴም ሰኮናው ብረት ስለተጫማ፣ ጥቂት ቮልት እንኳ ይሰማዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የተጠማ ፈረስ ወደ ገንዳው ቀርቦ፣ ከንፈሩን አስነክቶ፣ ራሱን ወደ ላይ ይሰብቅና ያፈገፍጋል፤ ከዚያው ሮቶ በባልዲ ተቀድቶ ከራቅ ካለ ቦታ ሲሰጠው ግን ያለማቋረጥ ይጠጣል። ይህን ያየ ባለቤት ፈረሱን እልኸኛ ከማለቱ በፊት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቶ በገንዳው ውሃና ፈረሱ በሚቆምበት መሬት መካከል ያለውን ቮልት ማስለካት ይኖርበታል። መከላከያውም የታወቀ ነው፤ የአጥሩ ዘንጎች ከማንኛውም ሌላ የመሬት ሽቦና ከውሃ ቱቦ ቢያንስ 10 ሜትር ይርቃሉ፣ ገንዳውና ቱቦው ፕላስቲክ ይሆናሉ፣ የአጥር ሽቦ በገንዳው ላይ ወይም አጠገብ አያልፍም፣ ፓምፕ ካለም 30 ሚሊ አምፔር ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያፈስ በራሱ በሚቆርጥ ብሬከር ይጠበቃል። ኮረንቲ የያዘውን ፈረስም ሆነ ሰው ብሬከሩ ሳይወርድ በእጅ መንካት አንዱን አደጋ ሁለት ያደርጋል።

በመንገድ ዳር በሚያልፍ አጥር ላይ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት በየአጭር ርቀቱ መሰቀል አለበት።

አንድ ወይም ሁለት ፈረስ ይዞ በጋሪ የሚተዳደር የቃሊቲ ሰው የኤሌክትሪክ አጥር አያስፈልገውም፤ በደንብ የተሠራ የእንጨት በርና የማይቆርጥ ገመድ ይበቃዋል። ገንዘብ ካገኘ በመጀመሪያ ሊያወጣው የሚገባው ለሮቶ፣ ለተንሳፋፊ መዝጊያና ለፕላስቲክ ገንዳ ሲሆን፣ አጥሩ የሚያስፈልገው ሰፊ ግጦሽ ላላቸውና ብዙ ፈረስ ለሚያረቡ ብቻ ነው።